የሲንካላ ፓስና የላዛሩስ ባርኔጣ

ረቡዕ ጠዋት ላዛሩስ ካሶንዴ ከቤቱ ጓሮ ጎመን እያጠጣ ነበር። ሲላስ ጄሬ አጥሩ ላይ በክርኑ ተደገፈና፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ «ሰውየው ሊመጣ ነው» አለው።

«የቱ ሰውዬ?»

«ኤኖክ ሲንካላ፣ ኳስ ተጫዋቹ። ከቦትስዋና ትናንት ተሳፍሯል። ቅዳሜ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ የገዛ ፓሱን ካንተ አፍ ይሰማል። ወንበሩን ፊት ለፊትህ ነው የማስቀምጥለት፤ ምራቅህ እንዳይደርስበት ብቻ ትንሽ ራቅ አደርገዋለሁ።»

ላዛሩስ ፈገግ አለ። ማጠጫውንም አልጣለም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን ያጠጣው አንዲቱን ጎመን ብቻ ነበር፤ ጄሬ አውርቶ እስኪጨርስ ጎመኗ ዋና ልትጀምር ምንም አልቀራት።

«ምነው ዝም አልክ? ደስ አላለህም?»

«ደስ ብሎኛል።»

«ፊትህ ግን ጥርስ ሊነቀል ወረፋ የያዘ ሰው ፊት ነው። ወይስ እኔ እንደምለው ያን ዕለት ባርኔጣህ ሥር ተኝተህ ነበር?»

«ሂድ ወደዚያ፣ አንተ አይጥ በላ።»

«ቅዳሜ እንገናኝ፣ አንተ ዝንጀሮ በላ» አለና ጄሬ እየሳቀ ሄደ።

ጄሬ ንጎኒ ነው፣ ላዛሩስ ቤምባ። ቅድመ አያቶቻቸው በጦር ሲፋለሙ ኖረው ሲታረቁ፣ ከእንግዲህ ልጆቻችን በምላስ ብቻ ይዋጉ ተባብለዋል። ስለዚህ በዚያ አገር ንጎኒው ቤምባውን፣ ቤምባው ንጎኒውን በሰርግም በለቅሶም እንዳሻው ቢሰድበው፣ ነውሩ የተቀያሚው ነው። ጄሬ ያችን የባርኔጣ ቀልድ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲደጋግማት ሰው ሁሉ ስቋል። ላዛሩስም አብሮ ይስቃል። ቀልዷ ግን እውነት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማዕድን ከተማዋ ሉዋንሺያ እግር ኳስ ቡድን፣ የሙኩባ ሮቨርስ ደጋፊዎች በየዓመቱ፣ ቡድኑ በሜዳው የመጀመሪያውን ጨዋታ በሚያደርግበት ቅዳሜ ጠዋት፣ ከስታዲየሙ በር ፊት ካለችው የማንጎ ዛፍ ሥር ይሰበሰቡና ፓሶቹን ይነግራሉ። ጎሎቹን አይደለም። ጎልማ ማንም ያወራዋል፣ ጋዜጣም ይጽፈዋል፣ ያገባውም ሰው ራሱ ዕድሜ ልኩን ሲለፍፈው ይኖራል። ፓስ ግን ካልተነገረላት በማግስቱ የለችም። ሰባት ፓሶች ቀርተዋል፤ እያንዳንዷ የራሷ ነጋሪ አላት። ነጋሪው መዳፉን ከግንዱ ላይ ያሳርፍና «አይቻለሁ» ይላል። ሕዝቡ «አሳየን» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ይነግራል።

ሕጉ አንድ ነው፤ በገዛ ዓይኑ ያላየ አይነግርም። ያየ ሰው ከጠፋ ፓሷም ከዛፉ ትወርዳለች። ባለፈው ዓመት ሽማግሌው ባ ቻንዳ፣ ማለት አቶ ቻንዳ፣ ሲያርፉ፣ የእሳቸው ተራ በደረሰ ጊዜ ሰው ሁሉ ቆሞ ጫማውን ሲያይ ቆየና ወደሚቀጥለው ታለፈ። በዚያው አበቃ። ሳያይ የነገረ ሰው ደግሞ አንድ ጊዜ ተገኝቷል። ጨዋታው በተደረገበት ሰዓት ከመሬት በታች፣ ማዕድን ጉድጓዱ ውስጥ ሥራ ላይ እንደነበረ የፈረቃው መዝገብ አጋለጠው። ማንም እጁን አላነሳበትም። ሰላምታ ብቻ ነሱት። ሚስቱ ገበያ ስትወጣ እንኳ ሻጮቹ ከሷ አሳልፈው ያያሉ። በስድስተኛው ወር ዕቃቸውን ጭነው ወደ አማቶቹ አገር ሄዱ። ላዛሩስ ያን ሰው ሲጭን ረድቶታል፤ አልጋውን ከኋላ ይዞ የገፋው እሱ ነበር።

የላዛሩስ ፓስ ሰባተኛዋ፣ የሁሉም አውራ ናት። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት፣ በዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ፣ አንድ ለአንድ እያሉ ሊያበቃ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ኤኖክ ሲንካላ ቀና ብሎ ሳያይ ለነፍስ ኄር ቦኒፌስ ንጎሳ ያቀበለው ኳስ። ላዛሩስ ስታዲየም ውስጥ ነበር፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ። ይህ እውነት ነው። ግን አፈጣጠሩ ሆኖበት፣ ጨዋታ ሲጨንቅ ማየት አይችልም። ያን ግራጫ የሱፍ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ይደፋዋል። ሰው ሲጠይቀው ፀሐይ ናት ይላል። ያን ዕለትም ከሰማኒያኛው ደቂቃ ጀምሮ ከባርኔጣው ሥር ነበር። ባርኔጣውን ሲያነሳ ኳሷ መረብ ውስጥ ናት፣ ሰውም እርስ በርሱ ተደራርቧል። ፓሷን ያወቃት ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሲያወራ ሰምቶ ነው።

ከስምንት ዓመት በኋላ የፓሷ ነጋሪ ሞተ። ማን ነበረ? ሲባል ጎረቤቶቹ «ላዛሩስ ነበረ» አሉ። እሱም «ነበርኩ» አለ። ውሸት አልነበረም። ቀጥሎ መዳፉን ግንዱ ላይ አኖሩለትና «አይቻለሁ» የምትለዋ ቃል ከአፉ ወጣች። የቀሩት ተመልካቾች፣ የማዕድን ማውጫው ሲሸጥ እኩሌታው ወደየመንደሩ ተበተነ፣ እኩሌታውንም በሽታ ወሰደው። አሁን ላዛሩስ ካልነገራት የሲንካላ ፓስ ከዛፉ ትወርዳለች።

ረቡዕ ምሳ ላይ የበቆሎ ገንፎውን ንሺማ በእጁ ጠፍጥፎ ጠፍጥፎ አልጎረሰም። ሚስቱ ኤሜልዳ አየችው።

«ባሺ ሙታሌ፣ ካፔንታ ዓሣው ጨው በዛበት?»

«ሲንካላ ሊመጣ ነው፣ ባና ሙታሌ።»

እንደ አገሩ ወግ የሚጠራሩት በልጃቸው ስም ነው፤ ባሺ የእገሌ አባት፣ ባና የእገሌ እናት ማለት ነው። ኤሜልዳ የያዘችውን አኖረችና እጇን በሽርጧ ጠረገች። ምስጢሩን የምታውቀው በዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ያወቀችው በተጋቡ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ በእንቅልፍ ልቡ «ባርኔጣዬን አታንሱት» ሲል ሰምታ ነው።

«ታዲያ ታመም» አለችው።

«ምን ልታመም?»

«ድምፅህ ይጥፋ። ድምፅ የሌለው ሰው ምን ይነግራል?»

ሐሙስ ድምፁ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ጄሬ የደጋፊ ማኅበሩን የድምፅ ማጉያ ተሸክሞ መጣ። «ሹክ ብትል እንኳ ንዶላ ከተማ ድረስ ይሰማል» አለ። «ደግሞ ዝንጅብል አምጥቻለሁ። ሰውየው ያንተን አፍ ብሎ ሁለት ድንበር አቋርጦ እየመጣ፣ ጉሮሮዬ ምናምን እንዳትለኝ።» ላዛሩስ ዝንጅብሉን እያላመጠ አለቀሰ። ጄሬ ዝንጅብሉ መስሎት ሳቀ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ላዛሩስ ብቻውን ወደ ስታዲየሙ ሄደ። ቢያንስ ቦታውን ላጥና ብሎ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የነገራት እንዲህ ነበር፦ ሲንካላ ከውጤት ሰሌዳው ሥር ኳሷን ተቀበለ፣ ከፊቱ ሦስት ተከላካዮች ቆመዋል፣ በሦስቱም ራስ ላይ አሻግሮ ንጎሳ ደረት ላይ አሳረፋት። «ሦስት ራስ» ሲል ሕዝቡ በጣቱ ይቆጥርለታል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ።

ሰሌዳው ሥር ቆመና በእርምጃ መለካት ጀመረ። ባ ቺሉፍያ የሚባሉ የስታዲየሙ ሣር አጫጅ ማጭዳቸውን ይዘው ሲያዩት ቆዩ።

«ምን ጠፋብህ ባሺ ሙታሌ?»

«ምንም። ሲንካላ የቆመበትን እያየሁ ነው። ከሰሌዳው ሥር።»

«ሰሌዳውማ እዚያ ማዶ ነበር» አሉ፣ ማጭዳቸውን ወደ ሰሜኑ ጎል እየቀሰሩ። «እኔ በተቀጠርኩ ዓመት ነፋስ ጥሎት ነው ወደዚህ የመጣው። የተቀጠርኩት ጎሉ በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ብቻ ሰሌዳው ያኔ ከጎሉ ጀርባ፣ ከመልበሻ ክፍሉ ጎን ነበር።»

ላዛሩስ ባለበት ደርቆ ቀረ። ሙኩባ ሁለተኛውን አጋማሽ ሁልጊዜ ወደ መልበሻ ክፍሉ ነው የሚያጠቃው፤ ይህን ሉዋንሺያ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሰሌዳውም እዚያው ከነበረ፣ ሲንካላ ኳሷን ያቀበለው ከተጋጣሚው ጎል ጀርባ ቆሞ ነው ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት፣ በማጉያ፣ መዳፉን ግንድ ላይ አድርጎ የነገረው ይህን ነው። ወጣቶቹ አያውቁም። ሲንካላ ግን የገዛ እግሩ የቆመበትን አይረሳም።

ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ሌላ ምንም መጠጊያ ሲያጣ፣ እንደ ልማዱ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ።

ጨለማው ውስጥ ደግሞ የሚያውቀው ነገር ጠበቀው። ላዛሩስ ሠላሳ አንድ ዓመት የማዕድን ጉድጓዱን ሊፍት ነድቷል። ሊፍቱን የሚነዳው ሰው ሊፍቱን አያየውም፤ ሞተር ቤት ተቀምጦ ደወል ይሰማል። ይህን ያህል ደወል ሰው ነው፣ ይህን ያህል ደወል ድንጋይ ነው፣ አንድ ብቻ ከሆነ ቁም። ገመዱ ሲላላ በድምፁ ያውቃል፣ ይቆጥራል፣ ያሳርፋል። አንድም ሰው ጥሎ አያውቅም። ያን ዕለትም ከባርኔጣው ሥር ሆኖ የሰማውን ሁሉ አሁን እንደገና ሰማው፤ አንድም አልጎደለም። ከነዚያ ድምፆች መካከል ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የትም አልገጥም ያለችው አንዲት ነበረች። ኳሷ ከተመታች በኋላ፣ ዘይት ውስጥ እንደገባ እርጥብ ነገር፣ ረዘም ያለች «ሽሽሽ»። በሰው ራስ ላይ የምትበር ኳስ እንደዚያ አትልም። አውቶቡስ ውስጥ ማንም ስላላነሳት እሱም ትቷት ነበር።

ቅዳሜ ከማንጎዋ ሥር የተሰበሰበው ሰው ከወትሮው እጥፍ ነበር። ሲንካላ መጡ። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ በዱላ ይራመዳሉ፣ ቀኝ ቁርጭምጭሚታቸው ጫማውን ሞልቶ ፈሷል። ጄሬ ወንበሩን ያለው ቦታ ላይ፣ ልክ ፊት ለፊት አኑሮታል።

«ይሄ ነው ፓስዎን የሚነግረው» ብሎ ላዛሩስን አስተዋወቃቸው። «ቤምባ ነው፣ ግን ችግር የለውም፣ በልቶ መጥቷል።»

ሲንካላ ሳቁና የላዛሩስን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «ሥራዬን ሳትሰለች የያዝክልኝ አንተ ነህ? አምላክ ይስጥህ» አሉ። «የት ተቀምጠህ ነበር?»

«ሦስተኛው ረድፍ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ላቤ ሳይነካህ አይቀርም።»

የመጀመሪያው ነጋሪ ግንዱን ያዘ። «አይቻለሁ።» «አሳየን።» ሁለተኛው። ሦስተኛዋ ባና ካባሶ ናት፤ በቡድኑ ማሊያ ላይ ነጠላ የመሰለ ጨርቅ አገልድማ፣ በግንባሩ ስላቀበለው ተከላካይ ነገረች። ላዛሩስ ምንም አልሰማም። ከኋላው ኤሜልዳ የሸሚዙን ጫፍ ይዛለች፤ ያዘችው እንዳይወድቅ ይሁን እንዳይሮጥ እሱም አላወቀም። አራተኛ። አምስተኛ። የስድስተኛው ነጋሪ መንተባተቡ ዝነኛ ነው፤ ዘንድሮ ግን በላዛሩስ ላይ ጨክኖ ቀጥ ብሎ ተናገረ፣ ቶሎም ጨረሰ።

«ሰባተኛዋ» አለ ጄሬ።

ላዛሩስ መዳፉን ከግንዱ ላይ አኖረ። ልጡ ሸካራ ነው፣ ሙጫው ጣቱን ያዘው። ሁለት መቶ ሰው «አሳየን» ለማለት አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ሲንካላ ዱላቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ቃሏ እስከ ጥርሱ መጣች። ያ አልጋ የጫነው ሰው ትዝ አለው። ቃሏን ዋጣት፤ ሌላ ወጣች።

«ሰምቻለሁ።»

ጄሬ ነበር ቀድሞ የሳቀ። «አላልኳችሁም? ባርኔጣው ሥር ነበር!» ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሁለቱ ዘንድሮ ቀልዳቸውን አሳምረው መጡ የተባለ መሰለ። ላዛሩስ እስኪበርድላቸው ጠበቀ።

«ጄሬ ሲቀልድ ነው የኖረው» አለ። ድምፁ በእርግጥም አሁን ጠፍቷል፤ ማጉያው ባይኖር ማንም ባልሰማው። «እኔ ግን አልቀለድኩም። ጨዋታ ሲጨንቅ ማየት አልችልም። ያን ዕለት ዓይኔን ሸፍኜ ነበር። ሦስቱን ራስ ያመጣሁት ከአውቶቡስ ነው። ሰሌዳውም በዚያ በኩል አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት ዋሽቻችኋለሁ።»

አሁን የሳቀ የለም። ባና ካባሶ ፊቷን ወደ ስታዲየሙ አዞረች። ከኋላ አንድ ሰው «እኔ እኮ ለልጆቼ ነግሬአለሁ» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ኤሜልዳ ሸሚዙን አልለቀቀችም።

ጄሬ ማጉያውን ወደ ላዛሩስ አፍ አስጠጋ። «ታዲያ ምን ሰማህ?» አለ፣ በቁጣም በልመናም።

ላዛሩስ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ። መዳፉ ግን ከግንዱ አልተነሳም።

«መጀመሪያ ከበሮው ቆመ» አለ። «ከፊቴ ለውዝ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ጣሳዋን የምታንኳኳው እጇ ቆመ። ግራዬ ያለው ሰውዬ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ፣ አልመለሰም። ያኔ እግር ሰማሁ። ከባድ እግር፣ ሰው ሊሰብር የሚሮጥ። ከዚያ ኳሷ ተመታች። ግን አልጮኸችም። በር ላይ የቆመ ሰው የተኛን ላለመቀስቀስ በጣቱ ጀርባ እንደሚያንኳኳው፣ እንደዚያ። ከዚያ ሽሽሽ አለች። ሠላሳ አራት ዓመት ምን እንደሆነች አልገባኝም። እኔ በሥራዬ ገመድ ሲላላ እቆጥራለሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ቆጠርኩ። ሦስት እስክል ስታዲየሙ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አልነበረም። ሞተናል ብዬ ነበር። ሦስት ስል ሌላ እግር፣ ቀላል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነካት። ከዚያማ ሰው ላዬ ላይ ወደቀ።»

ባርኔጣውን ለማንሳት ደፈረ። ሲንካላ ከወንበራቸው ለመነሳት ሲታገሉ ሁለት ሰው ደገፋቸው።

«ሦስት ነው» አሉ። «እኔም ቆጥሬያለሁ። ሁለት ላይ አበላሸሁ ብዬ ነበር።»

ማጉያውን ከጄሬ እጅ ተቀበሉ። «በቀትር ዘንቦ ነበር። ሣሩም አልታጨደም፣ ማጨጃው ተበላሽቶ። ይህ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ታስሯል፤ ኳስ ማንሳት አልችልም። ያ ከባድ እግር ደግሞ ከኋላዬ ይመጣል። ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ እግሬን ሊሰብረኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ በሣሩ ላይ ገፋኋት፤ በሁለት ሰዎች መሃል ውሃውን እየሰነጠቀች ሄደች። ሽሽሽ ያልከው እሱ ነው። በቦትስዋናዋ ፍራንሲስታውን ውስጥ የዚህን አገር ሰው ባገኘሁ ቁጥር በሦስት ራስ ላይ ስላሻገርኳት ኳስ ያመሰግነኛል። አላሻገርኩም ስል ትሕትና ይመስላቸዋል። በመጨረሻ እኔም ተውኩት። የመጣሁት ከመሞቴ በፊት አንድ ያየ ሰው አገኝ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ ተነሳ። ሕጉ ሕግ ነው፣ ላዛሩስ ይውረድ ያሉ ነበሩ፤ ባና ካባሶ ከነሱ ነበረች። ጄሬ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነውና ግንባሩን ሲያሻሽ ቆይቶ፣ «ይውረድ» አለ። «ያየው ሰው አለ። ባለቤቱ ራሳቸው ይንገሩ።»

ሲንካላ መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አኖሩ። «አይቻለሁ።»

«አሳየን!»

«ንጎሳ ሮጠ። ሰጠሁት።»

ሕዝቡ ጠበቀ። ሲንካላም ጠበቁ።

«ከዚያስ?» አለ ጄሬ።

«ከዚያማ አገባ።»

ከዛፉ አንዲት ማንጎ ወደቀች። አንድ ሰው ሳቁን ለማፈን ሳለ፣ አልቻለም። ባና ካባሶ እንኳ ከንፈሯን ነከሰች።

«ይኸውላችሁ» አለ ጄሬ። «ሁለት ድንበር ተሻግረው መጥተው የሰጡን ሁለት ቃል ነው። እንግዲህ እንዲህ ይሁን። መዳፉ የባ ሲንካላ፣ አፉ የዚህ ዝንጀሮ በላ። እሳቸው ቦትስዋና ሲመለሱ፣ ላዛሩስ ‹ሰምቻለሁ› ብሎ ይናገር፤ ከዛሬ ወዲያ ለዚች ፓስ ብቻ ሕጉ እንደዚያ ነው። ግን በነፃ አይለቀቅም።» እጁን ዘረጋ። «ባርኔጣውን አምጣ።»

«ምን ልታደርገው?»

«የዛሬውን ጨዋታ ዘጠናውንም ደቂቃ በባዶ ራስህ ታያለህ። ከጎኔ ተቀምጠህ። ለዚህ ዛፍ አንዲት ያየሃት ፓስ አለብህ።»

ላዛሩስ እስካሁን የፈራው ሁሉ ፍርሃት ያልነበረ መሰለው።

ጨዋታው አሥር ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሙኩባ በሃያኛው ደቂቃ አንድ አገባ፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው፣ የሚጠፋ ነገር አለና። እስከ ሰባኛው ደቂቃ ድረስ ላዛሩስ እጁን ከጭኑ ሥር አድርጎ ተቀምጦበት አየ። ከዚያ ጭንቅላቱ ያለ ባርኔጣው ቆዳው የተገፈፈ ያህል ተሰማው። እንግዶቹ ያጠቃሉ፣ ማዕዘን ይመታሉ፣ እንደገና ማዕዘን ይመታሉ። ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ኤሜልዳ ከኋላ ጀርባውን በጣቷ ትወጋዋለች።

ሰማኒያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ከበሮው ቆመ። ያን ዝምታ ያውቀዋል። እጁ ወደ ራሱ ሄዶ ባዶ ፀጉር ነካ። መሸሸጊያ የለም። አየ።

ኳሷ ከሙኩባ በረኛ እጅ አምልጣ ከጎሉ አፍ ላይ ወደቀች። የቀኝ ተከላካዩ ብቻውን ደረሰባት፤ ሦስት ሰዎች ወረዱበት። ሰው ሁሉ «ጠልዛት፣ ጠልዛት» ይል ነበር፣ አፉ ቢከፈትለት። ልጁ አልጠለዛትም። ጀርባውን ለሦስቱ ሰጠ፣ በጫማው ሥር ኳሷን ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ጎን ሳብ አድርጎ ተዋት። እዚያ ማንም አልነበረም። ከዚያ ግን አማካዩ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ደረሰ፣ ያችን የተተወች ኳስ ይዞ ረጋ ብሎ ወጣ። ሦስቱ ሰዎች ባዶ ሣር ላይ እርስ በርስ ተጋጩ። ከሁለት እርምጃ የማትበልጥ ፓስ ነች። ማንም አላጨበጨበላትም፤ ነገ ጋዜጣውም አያነሳትም። ላዛሩስ ግን የልጁ ጫማ ጥቁር፣ ማሠሪያው ነጭ እንደነበረ፣ ኳሷ ስትቆም አንድ ጊዜ ብቻ ዞራ እንዳረፈች ጭምር አየ።

ወደ ጄሬ ዞረ። «አየኸው?» ሊለው ነበር።

ሲላስ ጄሬ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ግራጫውን የሱፍ ባርኔጣ በሁለት እጁ ፊቱ ላይ ደፍቶ ተቀምጧል።

«ገባ?» አለ ጄሬ ከባርኔጣው ሥር። «ላዛሩስ፣ ገባ ወይስ አልገባም? ተናገር እንጂ፣ አንተ ሰው።»

ሃያ ስድስት ዓመት የቀለደበት ነውና ላዛሩስ ትንሽ ቢያቆየው ምንም አይደለም። እጁን አነሳና፣ ዛፍ በአጠገቡ ስለሌለ፣ የጄሬ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

«አይቻለሁ» አለው።

ጄሬ ባርኔጣውን አላነሳም። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበና በቀጭን ድምፅ፣ «አሳየኝ» አለ።